ከለቀማ በፊት ሞተራችንን እንፈትሽ፦ የመሪና የሾክ አያያዝና ጥገና

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

መግቢያ

በሚዛን ተፈሪ፣ በሸኮ፣ በቴፒና በበበቃ ዙሪያ ቡና የምታመርቱ ብዙዎቻችሁ ዛሬ ከቡና ሽያጭ ባገኛችሁት ገንዘብ ሞተር ሳይክል ወይም ባለ ሦስት እግር ባጃጅ ገዝታችኋል። ሞተሩ እሸት ቡና ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ያደርሳል፣ ችግኝና ማዳበሪያ ያመጣል፣ ሲያስፈልግም ነፍሰ ጡርን ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዳል። ስለዚህ ሞተሩ እንደ መፈልፈያውና እንደ ማድረቂያ አልጋው ሁሉ የእርሻ መሣሪያችሁ ነው።

ይሁን እንጂ አብዛኛው ባለ ሞተር የሚጠነቀቀው ለሞተሩ ዘይትና ለነዳጁ ነው። መሪውንና ሾኩን የሚያስታውሰው ከወደቀ በኋላ ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ይህንን ልማድ ለማስተካከል ነው።

ሥልጠናውን ስትጨርሱ፦
• የመሪና የሾክ ብልሽት ምልክቶችን በእጃችሁና በዓይናችሁ መለየት፣
• በቤት የሚሠራውን ከጋራዥ ሥራ መለየት፣
• ከለቀማ በፊት የሚደረገውን ፍተሻ ማከናወንና ለጎረቤት ማሳየት ትችላላችሁ።

1. ጉዳዩ ለምን ያሳስበናል?

በመጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የምነዳት ሞተር የፊት ፍሬን ስይዝ አንገቷ አካባቢ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ታሰማ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰማሁት፤ ሥራ በዝቶብኝ ነገ ዛሬ እያልኩ አለፍኩት። ወደ ሸኮ በሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ላይ ዝናብ ያዘኝ። የፊት ጎማው ከውኃ ቦይ ውስጥ ሲገባ መሪው መሃል ላይ ያዘኝ፣ አልዞርም አለ፣ ወደቅኩ። የእጄ አንጓ ተሰብሮ የለቀማውን ወቅት ቤት ተቀምጬ አሳለፍኩት። ያነሱኝ አንድ ሽማግሌ አርሶ አደር ሞተሯን ቀና አድርገው ሲያቆሙ፣ «ልጄ፣ እኛን ቡናችሁን በየሳምንቱ ፈትሹ ትለናለህ፤ የአንተን ሞተር ማን ፈተሸልህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጉዳዩ ከአካል ጉዳት ሌላ የቡና ጥራትም ጉዳይ ነው። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል እንዳለበት ታውቃላችሁ። በጆንያ ውስጥ ያደረ እሸት ይሞቃል፣ ይብላላል፣ ጣዕሙ ይበላሻል። ሞተር መንገድ ላይ ተበላሽቶ ያደረ ሁለት ጆንያ እሸት በማግስቱ ማጠቢያ ጣቢያው አይቀበለውም፤ ቢቀበለውም እንደ ቀይ እሸት አይከፍልበትም።

አካባቢያችንም ለሞተር ከባድ ነው። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ ለብዙ ወራት ይዘንባል። ቀዩ አፈር ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቃል። ውኃ ወደ ኩሽኔታ ሲገባ ግሪሱን ያጥባል፤ ግሪስ የሌለው ኩሽኔታ ይዝጋል። ስለዚህ በአስፋልት ላይ ብዙ ዓመት የሚያገለግል ዕቃ እኛ ዘንድ ቶሎ ሊያልቅ ይችላል።

2. ክፍሎቹና ሥራቸው

የመሪ አንገት፦ እጀታውና የፊት ሾኩ ከቴላዮው ጋር የሚገናኙበት ቦታ ነው። በውስጡ ከላይና ከታች የብረት ኳሶች ያሉባቸው ሁለት ኩሽኔታዎች አሉ። መሪው ያለ ችግር የሚዞረው በእነዚህ ነው።

የፊት ሾክ፦ በሁለቱም ጎን ያሉት ረጃጅም ቱቦዎች ናቸው። በውስጣቸው ሞላና ዘይት አለ። ሞላው የጉድጓዱን ምት ይቀበላል። ዘይቱ ደግሞ በጠባብ ቀዳዳ እያለፈ ሞላው እንዳይዘል ያረጋጋዋል። ዘይቱ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የሚይዘው ፓራኦሊዮ የሚባለው የጎማ ቀለበት ነው።

የኋላ ሾክና የኋላ ክንድ፦ የኋላ ጎማውን የያዘው ክንድ ፊት ለፊቱ በአንድ ትልቅ ቡሎን ከቴላዮው ጋር ይያያዛል፤ ማያያዣው ላይ ቦኮላዎች አሉ። ሁለቱ የኋላ ሾኮች ጭነቱን ይሸከማሉ።

አንድ ነገር በደንብ ያዙ፦ የሾክ ዋና ሥራ ለነጂው ምቾት መስጠት ብቻ አይደለም። ዋና ሥራው ጎማው ከመሬት እንዳይለቅ ማድረግ ነው። መሬት የለቀቀ ጎማ አይዞርም፤ ፍሬንም አይዝም። ዘይቱ ያለቀበት ሾክ በኮረኮንች ላይ ጎማውን እንደ ኳስ ያነጥረዋል። ስለዚህ የተበላሸ ሾክ የመሪም የፍሬንም ብልሽት ነው።

3. በእጅ የሚደረግ ፍተሻ

ለዚህ ፍተሻ የሚያስፈልገው ደልዳላ መሬት፣ ንጹሕ ጨርቅና አንድ ረዳት ሰው ነው። ሞተሩን አስቀድማችሁ እጠቡ፤ በጭቃ የተሸፈነ ብልሽት አይታይም።

ፍተሻ አንድ፦ የአንገት መላላት። ሞተሩን በመሃል ማቆሚያው አቁሙት። ረዳታችሁ ከኋላ ወደ ታች ሲጫን የፊት ጎማው ከመሬት ይነሣል። የሾኩን የታችኛውን ጫፍ በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቁት። «ቀጭ» ካለ ወይም ከላላ የአንገቱ ኩሽኔታ ላልቷል ማለት ነው።

ፍተሻ ሁለት፦ የመሪ አዟዟር። ጎማው እንደተነሣ መሪውን ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ በዝግታ አዙሩት። ሳይንገራገጭ መዞር አለበት። ልክ መሃል ላይ ሲደርስ የሚይዝ ከሆነ ኩሽኔታው የሚሽከረከርበት ቀለበት ተሰርጉዷል። ምክንያቱ ይህ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብለን ስለምንነዳ አንገቱ ሲላላ ኳሶቹ ሁልጊዜ አንዱን ቦታ ይመታሉ፣ ቦታውም እንደ ሙቀጫ ይጎደጉዳል። እንዲህ የሆነ ኩሽኔታ በማጥበቅ አይድንም፤ መቀየር አለበት። በእኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ፍተሻ ሦስት፦ የፊት ሾክ። የሾኩን የሚያብረቀርቅ ዘንግ በጨርቅ ጥረጉ። ሞተሩን ከማቆሚያው አውርዳችሁ የፊት ፍሬኑን ያዙና አምስት ስድስት ጊዜ ወደ ታች ተጫኑት። ዘንጉ ላይ የዘይት ቀለበት ከታየ ፓራኦሊዮው አፍስሷል። ከተጫናችሁ በኋላ አንድ ጊዜ ተነሥቶ የሚረጋ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ደጋግሞ የሚወዛወዝ ከሆነ ዘይቱ ጎድሏል ወይም አርጅቷል።

ፍተሻ አራት፦ የኋላ ክንድ። ሞተሩን በመሃል ማቆሚያው መልሳችሁ አቁሙት። የኋላ ጎማውን ይዛችሁ ወደ ግራና ቀኝ ነቅንቁት። ጎማው ብቻውን ከተነቃነቀ የጎማው ኩሽኔታ አልቋል። ክንዱም አብሮ ከተነቃነቀ የክንዱ ቦኮላ አልቋል። ሁለቱን መለየት አላስፈላጊ ዕቃ ከመግዛት ያድናል።

ፍተሻ አምስት፦ ጎማና ቸርኬ። የቸርኬውን ሽቦዎች በካቻቢቴ እጀታ አንድ በአንድ መታ መታ አድርጉ። ጥርት ብሎ የሚጮኸው ጠባቂ ነው፤ ዱብ የሚለው ላልቷል። የጎማውን ነፋስም ለኩ። ልኩ በብዙ ሞተሮች ላይ በተለጠፈ ጽሑፍ ወይም በመመሪያው ላይ ይገኛል። ነፋስ የጎደለው የፊት ጎማ መሪውን ያከብደዋል፤ ብዙ ሰው መሪው የተበላሸ እየመሰለው ጋራዥ ይሄዳል።

4. በቤት የሚሠራ ጥገና

ሀ. የላላ አንገት ማስተካከል

መሪው የላላ ነገር ግን ሳይንገራገጭ የሚዞር ከሆነ ማስተካከል ይቻላል። በመሪው ላይ ያለውን ትልቁን ዳዶ አላሉ። ከሥሩ ያለውን ማስተካከያ ቀለበት በጥቂቱ፣ የአንድ ዙር ስምንተኛ ያህል ብቻ፣ አጥብቁ። ከዚያ ትልቁን ዳዶ መልሳችሁ አጥብቁና ፍተሻ አንድንና ሁለትን ድገሙ። ትክክለኛው መለኪያ ይህ ነው፤ ጎማው ተነሥቶ እያለ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አይነቃነቅም፣ መሪውን ከመሃል ትንሽ ገፋ አድርጋችሁ ስትለቁት ደግሞ በራሱ ክብደት ወደ ጎን ይወድቃል።

ከልክ በላይ አታጥብቁ። የጠበቀ አንገት ሞተሩን በቀጥታ መንገድ ላይ እንደ ሰካራም ግራና ቀኝ ያንገዳግደዋል፤ ኩሽኔታውንም ይጨርሰዋል።

ለ. አንገቱን ፈትቶ ግሪስ መቀባት

በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከለቀማ በፊት፣ መደረግ ያለበት ሥራ ነው። ልምድ ያለው ሰው አብሯችሁ ይሁን። ሞተሩ ሥር ሰፊ ጨርቅ አንጥፉ፤ አንገቱ ሲፈታ የብረት ኳሶቹ ይበተናሉ። የላይኛውንና የታችኛውን ኳሶች ለየብቻ ቆጥራችሁ ጻፉ። በነዳጅ አጥባችሁ አድርቁ። ኳሱ ከቆሰለ ወይም ቀለበቱ ከተሰረጎደ ኳሱንና ቀለበቱን አንድ ላይ ቀይሩ፤ አዲስ ኳስ በአሮጌ ቀለበት ላይ ቶሎ ያልቃል። ውኃ የማያጥበው የኩሽኔታ ግሪስ በብዛት ቅቡ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ግሪስን አይተካም።

ሐ. የሚያፈስ የፊት ሾክ

ማፍሰሱ ገና ከጀመረ በመጀመሪያ የአቧራ መከላከያውን ጎማ ከፍ አድርጋችሁ ከሥሩ ያለውን የደረቀ ጭቃ አጽዱ። አንዳንድ ጊዜ የሚያስፈስሰው በፓራኦሊዮው ከንፈር ሥር የገባ የአሸዋ ቅንጣት ነው። ካላቆመ ፓራኦሊዮው ይቀየር። ዘንጉ ዝገት ካለው ወይም በጣት ሲዳሰስ የሚሻክር ከሆነ አዲሱንም ፓራኦሊዮ ይቆርጠዋል፤ አስቀድሞ ዘንጉ ይታይ።

ፓራኦሊዮ ሲቀየር የሁለቱም ጎን ይቀየር፤ ዘይቱም በሁለቱም ጎን እኩል ይሁን። መጠኑና ዓይነቱ በሞተሩ መመሪያ ላይ አለ። ዘይቱ እኩል ካልሆነ አንዱ ሾክ ጠንክሮ ሌላው ይለሰልሳል። የፈሰሰው ዘይት ወደ ፊት ፍሬን እንዳይደርስ ተጠንቀቁ፤ ዘይት የነካው የፍሬን ሸራ አይዝም።

መ. ከወደቁ በኋላ የተጣመመ መሪ

ወድቃችሁ ስትነሡ ጎማው ቀጥ ብሎ እጀታው ወደ ጎን ቢዞር ሁልጊዜ ሾኩ ተጣሟል ማለት አይደለም። ሾኮቹን የሚይዙት ቡሎኖች ውስጥ ተንሸራቶ ሊሆን ይችላል። ቡሎኖቹን ላላ አድርጋችሁ፣ ጎማውን በጉልበታችሁ መሃል ይዛችሁ እጀታውን አስተካክሉ፣ መልሳችሁም አጥብቁ። ከዚያ ከፊት ለፊት ቆማችሁ ተመልከቱ። ሁለቱ ዘንጎች ጎን ለጎን ትክክል ካልሆኑ ወይም ሾኩ ሲጫን የሚይዝ ከሆነ ዘንጉ ተጣሟል።

የተጣመመ ዘንግ በእሳት አሙቆና በመዶሻ መትቶ ማቃናት የተለመደ ነው። አታድርጉት። የጋለ ብረት ጥንካሬውን ያጣል፤ ጭነት ተሸክሞ ቁልቁለት ላይ ሲሰበር ምልክት አይሰጥም። የተሰነጠቀ የመሪ አንገት መበየድም እንዲሁ የባለሙያ ሥራ ነው።

ሠ. የፊት ጎማ ሲመለስ

ካላማዳሪያ ለማስለጠፍ የፊት ጎማ ፈትቶ መመለስ ሁላችሁም የምትሠሩት ነው። ሁለት ነገር አትርሱ። የከበሮ ፍሬን ባለው ሞተር ላይ በፍሬኑ ሳህን ላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ በሾኩ ላይ ካለው ጉብታ ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ ፍሬን ስትይዙ ሳህኑ አብሮ ይዞርና ጎማውን በድንገት ያቆመዋል። ሁለተኛ፣ ዳዶው ኮፒሊያ ካለው ኮፒሊያው ይመለስ፤ የተሰበረውን በሚስማር አትተኩ።

ረ. የኋላ ክፍል

የኋላ ሾክ ላይ ሞላውን የሚያጠብቅ ባለ ደረጃ ቀለበት አለ። ጭነት ስትጭኑ ደረጃውን ከፍ አድርጉ፤ ሁለቱም ጎን አንድ ደረጃ ላይ ይሁኑ። ዘይት ያፈሰሰ የኋላ ሾክ አንዱ ብቻ አይቀየር፤ ጥንድ ሆኖ ይቀየር። ሰንሰለት ስታጠብቁ በግራና በቀኝ ያሉት የልኬት ምልክቶች እኩል መሆናቸውን እዩ። እኩል ካልሆኑ የኋላ ጎማው ጠሞ ይቆማል፣ ሞተሩም ወደ አንድ ጎን ይስባል።

5. ባጃጅ ላላችሁ

የባጃጅ መሪም አንገት አለው፤ ከላይና ከታች ኩሽኔታ አለበት። የፊት ጎማው አንድ ብቻ ስለሆነ የጉድጓዱን ሁሉ ምት የሚቀበለው እሱ ነው። ከኋላ ጎማዎች ሥር ድንጋይ ደግፋችሁ ፊቱን በክሪክ አንሡ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁ፤ አንገቱን፣ ጎማውን የያዘውን ክንድና የጎማውን ኩሽኔታ ለየብቻ እዩ። የፊት ጎማው በአንድ ጎኑ ብቻ የሚበላ ከሆነ ክንዱ ተጣሟል ወይም ቦኮላው አልቋል፤ ጎማ ቀይሮ መሄድ መፍትሔ አይሆንም። ከኋላ ያሉትን የሁለቱን ጎን ሾኮችና ቦኮላዎችም እዩ። ባዶውን በደልዳላ መሬት ስታቆሙት ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ በዚያ በኩል ያለው ሞላ ወይም ቦኮላ ደክሟል።

ባጃጅ ባለ ሦስት እግር ስለሆነ ጭነቱ ወደ ላይ ሲቆለል በጠመዝማዛ መንገድ በቀላሉ ይገለበጣል። ጣሪያ ላይ ጆንያ አትጫኑ።

6. ጭነት፦ የሾክ ቀንደኛ ጠላት

እስቲ አብረን እናስላ። የብዙ ሞተር ሳይክሎች የመሸከም አቅም ነጂውን ጨምሮ ከ150 ኪሎ ብዙም አይበልጥም፤ የእናንተን በመመሪያው ላይ እዩ። ነጂው 65 ኪሎ ነው እንበል። እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ የሆኑ ሁለት ጆንያ እሸት ሲጨመሩ 185 ኪሎ ይሆናል። ከኋላ ሌላ ሰው ከተቀመጠ ከ240 ኪሎ ያልፋል። እንዲህ የተጫነ ሾክ መጨረሻው ድረስ ተጨምቆ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ጉድጓዱን የሚቀበለው ቴላዮው፣ ቸርኬውና የነጂው ወገብ ነው።

አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት ያስፈልጋል። ስለዚህ በለቀማ ወቅት የምትሸከሙት አብዛኛው ክብደት ውኃና ገለፈት ነው። አንድ ጆንያ እየጫኑ ሁለቴ መመላለስ ነዳጅ ይጨምራል፤ ነገር ግን ሾክ፣ ቸርኬና አጥንት ከመቀየር ይረክሳል።

አጫጫኑም ወሳኝ ነው። ጆንያው ከኋላ ጎማው በስተኋላ ሲንጠለጠል የፊት ጎማው ይቀላል፤ መሪውም በእጅ ውስጥ የሌለ ያህል ይሆናል። ዳገት ላይ ፊቱ የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው። ጭነቱ ዝቅ ብሎና ወደ ነጂው ተጠግቶ ይታሰር፤ ግራና ቀኙ እኩል ይሁን።

7. አስተጣጠብ

ሞተሩን ወንዝ ውስጥ አስገብቶ ማጠብ ሁለት ጉዳት አለው። ውኃው ወደ ኩሽኔታዎቹ ይገባል፤ ዘይቱ ደግሞ ከታች ያሉ ቤተሰቦች የሚቀዱትን ውኃ ይበክላል። በባልዲና በጨርቅ እጠቡ። በከተማ በግፊት ውኃ የምታሳጥቡ ከሆነ ወደ መሪ አንገት፣ ወደ ጎማ መሃልና ወደ ሾክ ጎማ ቀጥታ እንዳይረጭ ንገሯቸው። ጭቃው ሾኩ ላይ ሳይደርቅ በዕለቱ ማጠብ ፓራኦሊዮውን ያተርፋል።

8. የፍተሻ ጊዜ ሰሌዳ

በየቀኑ ጠዋት፦ የጎማ ነፋስ፣ የዘይት መፍሰስ፣ የመሪ አዟዟር።
በየሳምንቱ፦ አምስቱም ፍተሻዎች፤ ቡሎኖችና ዳዶዎች መጥበቃቸው።
በየዓመቱ በሐምሌና በነሐሴ፦ አንገቱን ፈትቶ ግሪስ መቀባት፣ የፊት ሾክ ዘይት መቀየር፣ ቦኮላዎችን ማየት።

ሐምሌና ነሐሴን የመረጥነው በቆላማው በበበቃና በቴፒ ዙሪያ ቡናው ቀድሞ ስለሚደርስ ነው። ከፍ ባሉ ቀበሌዎች ያላችሁ ትንሽ ጊዜ አላችሁ፤ ይሁን እንጂ ለቀማው ሲጀመር ጋራዦች ይጨናነቃሉ፣ ዕቃም ይወደዳል።

9. የተግባር ልምምድና መወያያ

በቡድን አምስት አምስት ሆናችሁ በሥልጠናው ቦታ ካሉት ሞተሮች አንዱን ውሰዱ፤ አምስቱን ፍተሻዎች በቅደም ተከተል አድርጋችሁ ያገኛችሁትን ጻፉ። ከዚያ በሚከተሉት ላይ ተወያዩ፦
1. መሪው መሃል ላይ የሚይዝ ሞተር ለምን በማጥበቅ አይድንም?
2. የኋላ ጎማ ሲነቃነቅ የኩሽኔታንና የቦኮላን ብልሽት እንዴት ትለያላችሁ?
3. በቀበሌያችሁ ሞተር ላይ የሚጫነው ትልቁ ጭነት ስንት ኪሎ ነው? ነጂውን ደምራችሁ አስሉ።

ማጠቃለያ

ውድ ሠልጣኞች፣ በሽታ የያዘውን ቡና ከሩቅ የምትለዩ ሰዎች ናችሁ። የቅጠሉን መለወጥ አይታችሁ ዛፉ ሳይደርቅ ትደርሱለታላችሁ። ሞተርም እንደዚያው ነው፤ መሪና ሾክ አስቀድመው ሳይናገሩ የሚሰበሩበት ጊዜ ጥቂት ነው። «ቀጭ» ይላሉ፣ ያፈስሳሉ፣ ይንገዳገዳሉ፣ ይይዛሉ። የሰማችሁትን ለነገ አታሳድሩት።

እያንዳንዳችሁ ወደ ቀበሌያችሁ ስትመለሱ ከለቀማው በፊት ቢያንስ ለአምስት ጎረቤቶቻችሁ ይህንን ፍተሻ በራሳቸው ሞተር ላይ አሳዩአቸው። በሚቀጥለው የክትትል ጉብኝት ስንመጣ ከማሳችሁ ቀጥሎ ሞተራችሁን አብረን እናያለን። የእኔንም እናንተ ፈትሹልኝ።